በጨዋታ ስፍራ ሥራ ስለሚገቡ ተማሪ ልጆቻችን

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ፥ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ሲወርድ፥ በዋሽንግተን አቅራቢያ በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ወደ ጥግ ወስደው አንድ ወረቀት አሳዩን። ወረቀቱ ለሴት ልጃቸው የመጣ የሥራ መልስ ነበር። ልጅቱ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፥ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለአባቷ ሳትነግር ማመልከቻ አግብታ ኖሮ፥ በፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ለኮሌጅ ተማሪዎች ባዘጋጀው የሥራ ፕሮግራም መቀበሏን ወረቀቱ ያስታውቃል። ወዳጃችንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ይህን ሁሉ ዓመት ሁለት ሥራ እየሠራሁ ያስተማርኋት የአይጥ ጭምብል ለብሳ በአደባባይ እንድትዘል ነውን?» አሉን። የልጅቱ እናት በአጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበርና፥ «ሥራ እኮ ነው፤ ምን ነውር አለበት?» ብለው መለሱ።

እኛም በዚያ ቀን የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ነገሩን ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባምና፥ ሁለት ሳምንት ይስጡን ብለን ተለያየን። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሌሎችም ቤተ ሰቦች ዘንድ የሚነሣ ስለ መሰለን፥ መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ለማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ቦታው ምን እንደ ሆነ እንናገር። የጨዋታ መናፈሻ በአሜሪካ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሃዮ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለው ሲዳር ፖይንት የተመሠረተው በ1870 ነው። በፔንሲልቬንያ የሚገኘውን ኸርሺፓርክ ደግሞ በ1906 የቸኮላት ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ሚልተን ኸርሺ የከፈቱት፥ ሠራተኞቻቸው ከነቤተ ሰባቸው የሚያርፉበት ሥፍራ እንዲሆን ነበር። ለሠራተኛ ማረፊያ ተብሎ የተጀመረ ነገር ዛሬ ለብዙ ሺህ ተማሪዎች የድካም ቦታ መሆኑ ያስገርማል። ዋልት ዲዝኒ በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ዲዝኒላንድ በሐምሌ 1955 ከፈቱ። እርሳቸው በ1966 ካረፉ በኋላ ወንድማቸው ሮይ የፍሎሪዳውን ሥራ ከፍጻሜ አድርሰው፥ ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። ዛሬ የፍሎሪዳው ስፍራ አራት ታላላቅ መናፈሻዎች ያሉበት፥ ሆቴሉ፥ መንገዱና ሐይቁ ተቈጥሮ አንዲት መካከለኛ ከተማ የሚያህል ነው።

ለዋሽንግተን ቤተ ሰቦች የሚቀርቡትም አሉ። በዋሽንግተንና በሪችመንድ መካከል በዶስዌል የሚገኘው ኪንግስ ዶሚንዮን በ1975 ተከፍቶ እስካሁን ይሠራል። በሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ግን ኅዳር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘግቷል፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያለ ተማሪ ይህን ሥራ ቢፈልግ ወደ ሩቅ መንዳት ግድ ሆኖበታል።

ስለ አይጡ ጭምብል ወዳጃችን የፈሩት፥ ከሠራተኞቹ ብዛት አንጻር ሲታይ፥ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ነገር ነው። ከተማሪዎቹ የሚበዙት የሚመደቡት በምግብ መሸጫ፥ በዕቃ ሱቅ፥ በጽዳት፥ በሆቴል ክፍል ዝግጅት፥ በዋና ጠባቂነትና ሰዎችን በመንኰራኵርና በባቡር በማሳፈር ሥራ ላይ ነው። ጭምብል ለብሶ ሕፃናትን የሚያቅፈውም ቢሆን ቀላል ሥራ አልያዘም፤ በፍሎሪዳ ሐሩር ያን ወፍራም ልብስ ለብሶ መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ የደጋ ሰው ሁሉ ሊገምተው ይችላል።

ማመልከቻውን በተመለከተ፥ የዲዝኒው የተማሪዎች ፕሮግራም የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። አመልካቹ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው፥ በኮሌጅ የሚማር ወይም በቅርቡ የተመረቀ፥ በአሜሪካ ለመሥራት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ ቀጥሎ ጠባይን የሚመዝኑ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ አንዳንዱም በስልክ ይጠየቃል። የጠባዩ ጥያቄ ብልህ ነው። «ሰዎች በመከር ጊዜ ስለሚመጡ ሰልፍ በመጠበቅ ቢቈጡብህ ምን ታደርጋለህ?» የመሰለውን ጥያቄ በጎበዝ ቃል ብቻ ማለፍ አይቻልም፤ ጠያቂው በሌላ መንገድ ደጋግሞ ያመጣዋልና። ስለዚህ ልጆቻችን በቤት የተማሩትን፥ ማለት ከሽማግሌ ጋራ እንዴት እንደሚነጋገሩ፥ እንግዳ ሲመጣ እንዴት ተነሥተው እንደሚቀበሉ፥ ሳያፍሩ ቢናገሩ ይጠቅማቸዋል። በደብሩ አዳራሽ ለሁለት መቶ ሰው ምሳ ያቀረበች ልጅ «የሥራ ልምድ የለኝም» ብላ ስትጽፍ አይተን አዝነናል።

በወቅት ብቻ የሚከፈቱት መናፈሻዎች ከዚህ ያነሰ ይጠይቃሉ። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በፌዴራሉ ሕግ የጨዋታ መኪና እንዲያንቀሳቅስ አይፈቀድለትም፤ ገንዘብ መቀበልን የመሰለ ሌላ ሥራ ግን ሊሠራ ይችላል። ዕድሜው ከዚያ ለሚበልጠውም እያንዳንዱ ክፍለ ሀገርና እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ወሰን አለው። አንድ ነገር ግን ለሁሉም የጋራ ነው፤ ይኸውም «በየትኞቹ ቀኖችና ሰዓቶች መሥራት ትችላለህ?» የሚለው መስመር ነው። ብዙ ልጅ ሥራው እንዳያመልጠው ፈርቶ «በማንኛውም ቀን» ብሎ ይጽፋል። ኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚወለደው ከዚያች ከአንዲት መስመር ነው።

ወደ ሥራው ስንገባ፥ በዲዝኒ ቋንቋ «ሠራተኛ» የሚባል የለም፤ የሚሠራው ሁሉ «የትዕይንቱ አባል» ነው፤ ከፍሎ የሚመጣውም ደንበኛ ሳይሆን «እንግዳ» ይባላል። ሰው የሚታይበት ቦታ «መድረክ»፥ የማይታይበት ደግሞ «ከመድረኩ በስተ ጀርባ» ነው። በማጂክ ኪንግደም ሠራተኞቹ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ዋሻ አለ። ዋሻ እንበለው እንጂ በእውነቱ በመሬቱ ወለል ላይ የተሠራ ነው፤ የፍሎሪዳ ምድር ጥቂት ሲቈፈር ውሃ የሚያፈልቅ ስለ ሆነ፥ ኮሪደሩን መሬት ላይ ሠርተው መናፈሻውን በላዩ አነሡት። እንግዶቹ መሬት ረገጥን ብለው የሚሄዱት በፎቅ ላይ ነው! ልብሱ የከብት ጠባቂ የሆነ ሰው ስለ መጪው ዘመን በተሠራው ሰፈር ሲያልፍ እንዳይታይ ታስቦ የተደረገ ነው።

አዲስ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ የሚማረው ቅደም ተከተል ነው። ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል፤ ትሕትና ይከተላል፤ ትዕይንቱም ቅልጥፍናም ከእነዚህ በኋላ ናቸው። ለረጅም ዘመን አራት ነበሩ፤ ሁሉን ሰው አክብሮ ማካተት የሚለው በኋላ ተጨምሮ አምስት ሆነዋል። ትርጕሙ ቀላል ነው። ሰልፉ ቢረዝምም፥ አለቃ ቢያስቸኵልም፥ ቀበቶው ያልታሰረ አንድ ሰው ካለ ባቡሩ አይንቀሳቀስም።

የሮለር ኮስተሩን ሥራ እናስተውል። ጧት በሩ ሳይከፈት መካኒኮች ሐዲዱንና ባቡሩን ይፈትሻሉ፤ ባዶውን ደጋግመው ይልኩታል። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሲሆን፥ ሁለት ባቡሮች በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ እንዳይገኙ መሣሪያው ራሱ ያግዳል። ተማሪዎቹም በየቦታው ይቆማሉ። አንዱ «ስንት ናችሁ?» እያለ በየረድፉ ያስገባል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ እየሄዱ የእያንዳንዱን ሰው መያዣ በእጃቸው ይስባሉ፤ ሲጨርሱም አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ። ከሁለቱም ወገን ምልክት ሳያይ መነሻውን የሚጫን የለም። ከአጠገቡም ሁሉን የሚያቆም መጫኛ አለ። ዐይን እንዳይፈዝዝ ቦታቸውን በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ባለፈው ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የቁመት መለኪያው ነው። ለምሳሌ ስፔስ ማውንቴን በሚባለው ጨዋታ ለመሳፈር ቁመት 44 ኢንች፥ ማለት 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። አንድ አባት ልጁን ይዞ አንድ ሰዓት ተሰልፎ ከደረሰ በኋላ ልጁ በሁለት ጣት ያንሳል። ልጁ ያለቅሳል፤ አባትየው ይቈጣል፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ያጕረመርማል። ያቺ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ፈገግታዋን ሳታጠፋ «አይሆንም» ማለት አለባት፤ ጫማ ውስጥ ወረቀት የተጐዘጐዘ እንደ ሆነም ማወቅ አለባት። ይህን አንድ ክረምት የተማረ ሰው ኋላ በሆስፒታልም፥ በፍርድ ቤትም፥ በቤቱም የሚጠቀምበት ይመስለናል።

የሚያስቅም ነገር አለ። በመናፈሻው የዘጠኝ ሰዓቱ ሰልፍ የሚባል ትዕይንት ነበረና፥ እንግዶች እየመጡ «የዘጠኝ ሰዓቱ ሰልፍ በስንት ሰዓት ነው?» እያሉ መጠየቃቸው በሠራተኞቹ ዘንድ የታወቀ ነው። መሳቅ ክልክል ነው። የሚጠይቀው ሰው በእውነት ሊያውቅ የፈለገው ሰልፉ እርሱ ወደ ቆመበት ቦታ መቼ እንደሚደርስ ነውና፥ ያንኑ ይመልሱለታል። የተጠየቀውን ትቶ የታሰበውን መመለስ ከየኔታ ዘንድም የተማርነው አይደለምን?

አሁን ስለ ገንዘቡ። በዚህ ቦታ አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንዲያነቡ እንለምናለን። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ነገር ግን ሕጉ የመዝናኛ ድርጅቶችን የሚመለከት አንድ ቀዳዳ አለው፤ በዓመት ከሰባት ወር በላይ የማይሠራ የመዝናኛ ስፍራ ይህን ዝቅተኛ ደመወዝና በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው የሚከፈለውን ተጨማሪ ከመክፈል ነጻ ሊሆን ይችላል። የክፍለ ሀገሩ ሕግ ከዚህ የሚሻል ሊሆን ስለሚችል፥ ተማሪው «በዚህ ክፍለ ሀገር የምትከፍሉት ስንት ነው? ከ40 ሰዓት በላይ ብሠራስ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ፍሎሪዳን ብንመለከት፥ ሕዝቡ በ2020 በሰጠው ድምፅ ዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ እያለ ሄዶ በመስከረም 2026 በሰዓት 15 ዶላር እንዲደርስ ወስኗል።

በዲዝኒው ፕሮግራም ተማሪው በድርጅቱ መኖሪያ የሚቀመጥ ከሆነ የቤቱ ኪራይ በየሳምንቱ ከደመወዙ ላይ ተቀንሶ ይወሰዳል። ዝናብና መብረቅ በበዛበት ሳምንት የሥራው ሰዓት ቢያንስ ኪራዩ አብሮ አያንስም። ማዕከላዊው ፍሎሪዳ ደግሞ በአሜሪካ መብረቅ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በበጋው ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ከቤት ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ ይቆማሉ።

ከኪራዩም የሚበልጥ አንድ ነገር ስናነብ አገኘን፤ ወዳጃችንን ያሳሰባቸው ግን እርሱ አልነበረም። ፕሮግራሙ የክረምት ዕረፍት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ወራት የሚወስድ ስለ ሆነ፥ ልጅቱ ከበልጉ ወይም ከመጸው ትምህርቷ አንዱን መንፈቀ ዓመት ማቋረጧ ነው። ኮሌጇ ሥራውን እንደ ትምህርት ቈጥሮ ነጥብ ይሰጣት እንደ ሆነ በኮሌጁ ፈቃድ የተመሠረተ ነው። ካልሰጣት ደግሞ የመንግሥት የትምህርት ብድር ያለበት ተማሪ ከግማሽ ጊዜ በታች ሲማር የስድስት ወር ፋታ ይቈጠርበታል፤ ፋታው ሲያልቅ ብድሩ መከፈል ይጀምራል። አባቷ አይጡን ሲፈሩ ይህ ሳይታያቸው ነበር። ለልጅቱም ነገርናት፤ ዝም ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። ብድር ነበረባት።

ሌላው ጉዳይ እሑድና ጾም ነው። ሕዝብ ወደ ጨዋታ የሚሄደው ቅዳሜና እሑድ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛም አብዝቶ የሚፈለገው በእነዚህ ቀኖች ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብት ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ ቦታ እንዲለቅ ያዝዛል። ለብዙ ዓመታት አሠሪዎች ጥቂት ወጪ በመጥቀስ ይህን ሲያልፉት ኖረዋል። በሰኔ 2023 ግን እሑድ አልሠራም ያለ የአንድ ፖስታ አዳይ ነገር ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ፥ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፥ አሠሪው እምቢ ሊል የሚችለው ጥያቄው ከሥራው አንጻር ከባድ ተጨማሪ ወጪ የሚያመጣበት እንደ ሆነ ነው ሲሉ ወሰኑ። ይህ ማለት የጠየቀ ሁሉ ያገኛል ማለት አይደለም። ነገር ግን ልጁ ሲቀጠር በጽሑፍ ቢጠይቅ፥ ለምሳሌም «እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እሠራለሁ» ብሎ አማራጭ ቢያቀርብ፥ ጸሎቱንም ሥራውንም የሚያስማማበት መንገድ ይገኛል።

ጾሙ ይበልጥ ያስጨንቃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 22 የሚውል ነው፤ ይህም መናፈሻዎቹ የሚጨናነቁበትና ፀሓዩ የሚበረታበት ወራት ነው። የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣኖች በሙቀት የሚሠራ ሰው በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዲጠጣ ይመክራሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ በአስፋልት ላይ የሚውል ልጅ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል፤ የሰዎችን መያዣ የሚፈትሽ ሰው ራሱን ቢስት ደግሞ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት የማታ ተራ ወይም በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አስቀድሞ መለመን አንድ መንገድ ነው። ያም ካልተገኘ ልጁ በራሱ ፈቃድ ከመወሰን ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ሥራው ምን እንደ ሆነ፥ ሙቀቱም ምን ያህል እንደ ሆነ ይንገር። ካህናትም «መናፈሻ» ሲባል ጥላ ሥር የሚቀመጡበት ቦታ እንዳይመስላቸው ይህን መጻፋችን ነው።

ወዳጃችን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ተመካከሩ። ልጅቱ የፍሎሪዳውን በትሕትና ጽፋ ተወችው፤ በምትኩም ከቤቷ በመኪና ተመላልሳ ልትሠራ በምትችልበት አንድ መናፈሻ ለክረምቱ ብቻ አመለከተች። በቀን መምረጫው መስመር ላይ እናትዋ ከአጠገቧ ቆመው «እሑድ ከሰዓት በኋላ» ብላ ጻፈች፤ ተቀበሏትም። በሰኔ ሥልጠናዋን ፈጽማ በአንድ ሮለር ኮስተር ላይ ተመደበች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እግሯ አብጦ በጨው ውሃ እያነከረች ታመሽ እንደ ነበር እናትዋ ነግረውናል። ደመወዟን በሰኔ መጨረሻ ስታይ ግብር ተቀንሶ ያሰበችውን ያህል አልሆነላትም። ሥራውን ግን አልተወችም።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ለሠራተኛ ቤተ ሰብ በሚሰጠው ነጻ መግቢያ አባቷ ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቿን ይዘው ሄዱ። እኛም አብረን ነበርን። ልጆቹ ካልተሳፈርን ብለው ስላስቸገሩ፥ እኒያ የተከበሩ ሰው ኮፍያቸውን ለእኛ ሰጥተው አርባ ደቂቃ ያህል ተሰልፈው ወጡ። በመሳፈሪያው ላይ ልጃቸው በግራ በኩል ቆማ መያዣዎችን ትፈትሻለች። አይታቸዋለች፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። የታናሽ ወንድሟን ቁመት እንደ ማንኛውም እንግዳ ለካች፤ አለፈ። ከዚያም ወደ አባቷ ደርሳ መያዣውን ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ጥቂት ላልቶ ነበርና እንደ ገና ወደ ታች ገፋችው። «እጅዎን ወደ ውስጥ ያግቡ፤ መነጽርዎንም ይያዙ» አለቻቸው፤ በቤት «አንተ» የምትላቸው ልጅ ናት። አውራ ጣቷን አነሣች፥ ባቡሩም ሄደ።

ሲመለሱ ጸጕራቸው ተበታትኖ፥ ከረባታቸውም በጀርባቸው በኩል ዞሮ ነበር። «ደኅና ነዎት?» ብለን ብንጠይቅ፥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፥ ወደ መሳፈሪያው እየተመለከቱ፥ «ሁለት ጊዜ ሳበችው፤ አያችኋት?» አሉን።